የማይሰሙ ባልና ሚስት

ባልና ሚስት ተኮራርፈው ሳለ በእንግድነት የገባ ሰው የሚናገረው ሁሉ ይጠመዘዝበታል። «ቤታችሁ እንዴት ያምራል!» ይላል፤ ቤቱን ያስጌጠችው ሚስት ናትና ባል ፊቱን ያጠቁራል። እንግዳው ሶፋ ያደነቀ መስሎታል፤ ለካ ወገን ይዟል። ማይክል ማቲያስና አንድሩ ስተርን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ይህችን ሁላችንም የምናውቃትን ጭንቅ ይዘው ዓመታት ደከሙና፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2005 «ፋሳድ» የተባለ የኮምፒውተር ጌም በነፃ ለቀቁ። ቃሉ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ የሕንፃን የፊት ለፊት ገጽታ ይላል፤ በዘወርዋራው ደግሞ ለሰው የምናሳየውን ፊት።

ጌም ሲባል ተኩስ ብቻ የሚታየው አንባቢ ካለ ትንሽ ይታገሠኝ። እዚህ የሚገደል የለም፤ ነጥብም ተቆጥሮ አይታይም። ትሪፕና ግሬስ የሚባሉ፣ ሠላሳዎቹን የጀመሩ፣ ኑሮ የደላቸው ባልና ሚስት የድሮ ጓደኛቸውን ወደ አፓርታማቸው ይጠራሉ። ጓደኛው እርስዎ ነዎት። ገና በሩን ሳያንኳኩ ሲነታረኩ ይሰማሉ። ከገቡ በኋላ እንደ ልብዎ ይንጎራደዳሉ፣ ዕቃ ያነሳሉ፣ ያቅፋሉ፤ የሚናገሩትን ግን በኪቦርድ፣ በእንግሊዝኛ ይጽፋሉ። እነሱ በተዋንያን ድምፅ ይመልሳሉ። ሃያ ደቂቃ ገደማ ውስጥ አንደኛቸው ቤቱን ጥለው ይወጣሉ፣ ወይም ይታረቃሉ፣ ወይም እርስዎ ይባረራሉ። ሲያበቃ የተባባላችሁት ሁሉ እንደ ተውኔት ጽሑፍ ተጽፎ ይጠብቅዎታል።

ሥነ ጽሑፍ ባስተማርኩባቸው ዓመታት የማይቀርልኝ ጥያቄ ነበር። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበቡ ተማሪዎች «ሐዲስ በዛብህን ለምን ገደሉት?» ይሉኛል። ቢችሉ ገብተው ያድኑት ነበር እኮ! እኔም የአንባቢ እጅ መታሰሩ የልብ ወለድ ጉልበት ነው እያልኩ እመልስላቸው ነበር። «ፋሳድ» ይህን ክርክር በሌላ በር ይገባበታል። አንባቢውን ወደ ውስጥ ያስገባዋል፣ አንደበትም ይሰጠዋል፤ የሚሰማው ሰው ግን አይሰጠውም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የጻፉትን ዓረፍተ ነገር ማሽኑ እንደ ሰው አይረዳውም፤ መስማማት፣ መቃወም፣ ማመስገን፣ መተቸት፣ ማሽኮርመም፣ ማጽናናት እያለ ሠላሳ ገደማ ከሚሆኑ የንግግር ዓይነቶች በአንዱ ይመድበዋል። ቀጥሎ «ይህ ሰው ለማን አደላ?» ብሎ ይመዝናል። ወደ ግሬስ ያዘነበለ ከትሪፕ ይርቃል። በኋለኛው ክፍል ሚዛኑ ይቀየርና ሁለቱ ስለ ራሳቸው ሸሽገው የኖሩትን እንዲያወጡ መርዳትዎ ይቆጠራል፤ ግሬስ ስለተወችው ሥዕል፣ ትሪፕ ስለሚሞትለት ታይታ፣ ሁለቱም ስለ ቆየ ምስጢራቸው። በቂ እውነት ከወጣ ይታረቁና እንግዳውን በትሕትና ያሰናብቱታል። የኛ ሽማግሌ «ተይ አንቺ፣ ተው አንተ» ብሎ በዕድሜውና በተሰሚነቱ ይገባል። የዚህ ቤት እንግዳ ግን ከጥያቄ በቀር ምንም የለውም።

እኔን ያስደነቀኝ ደራሲዎቹ የማሽኑን አለመስማት በባልና ሚስቱ አለመስማት መሸፈናቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ዮሴፍ ዋይዘንባም «ኤላይዛ» የተባለችውን ፕሮግራም ሲያስተዋውቅ እንደ ሥነ ልቦና ሐኪም አናግሯት ነበር፤ ሐኪም የታካሚውን ቃል መልሶ ቢጠይቅ ነውር የለበትምና። እነዚህኞቹ ያገኙት መሸፈኛ ከዚያ የጠለቀ ነው። የተጣላ ሰው አይሰማማ! ትሪፕ በመሐል ሲያቋርጠኝ፣ ግሬስ ያልኩትን ገልብጣ ስትተረጉምብኝ፣ «ፕሮግራሙ አልገባውም» አላልኩም፤ «አዬ፣ ዛሬስ ከፍቷቸዋል» ነው ያልኩት። የገጸ ባሕርይ ሕመም የመሣሪያ ጉድለትን ሲሸከም ያየሁት እዚህ ነው። በጥር 2006 በስላምዳንስ የጌም ውድድር የዳኞችን ዋና ሽልማት ማግኘቱ አይገርመኝም።

መሸፈኛው ሲቀደድ ግን ክፉኛ ይቀደዳል። የሐብሐብ ዘመድ የሆነችውን የሜሎንን ስም ብቻ ቢጽፉ ትሪፕ ክው ብሎ ከቤቱ ያስወጣዎታል፤ በአገሩ የአራዳ ቋንቋ ቃሉ የሴት ጡት ማለትም ነውና። ወጣቶቹ ይህን ካወቁ ወዲህ ሲስቁበት ኖረዋል፤ ይሳቁ። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። አንድ ምሽት ግሬስን «ሥዕሉን የተውሽው እሱ ስለከለከለሽ ነው ወይስ ስለፈራሽ?» ብዬ ጠየቅኳት። የተውኔቱ ልብ ይህ ጥያቄ ነው። እሷ ግን እንደ ሰደብኳት ሁሉ ተቆጣችኝ። ቁጣዋ ከቁስሏ መጥቶ ቢሆን ግሩም ትዕይንት ነበር፤ ማሽኑ አንዲት ቃል መዞ በስድብ መድቦት ከሆነ ደግሞ ከንቱ ጩኸት ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ የምለይበት መንገድ የለኝም። በመድረክ ተውኔት እንዲህ ያለ ጥርጣሬ አይገባኝም፤ እዚያ ተዋናይዋ ብትቆጣ ደራሲው አስቆጥቷት ነው።

ከዚህ የባሰው በኔ ላይ ያደረገው ነው። ሦስተኛው ምሽት ላይ ሙሉ ሐሳብ መጻፍ ተውኩ። ማሽኑ የሚወዳትን አጭር ቃል፣ «አዎ»ን፣ «ይቅርታ»ን፣ «ትወዳታለህ?»ን እየመረጥኩ መወርወር ያዝኩ። አንደበት ሊሰጠኝ የጠራኝ ቤት ተብታባ አደረገኝ። ታዲያ ይህ እንግድነት ነው ወይስ አሽከርነት?

ወጣት ወዳጆቼ «ይህ ሁሉ ያለፈ ችግር ነው» ይሉኛል። እ.ኤ.አ. ከ2022 መጨረሻ ወዲህ ቻትጂፒቲና መሰሎቹ ረጅሙንም ጠማማውንም ዓረፍተ ነገር ተቀብለው እዚያው መልስ እየፈጠሩ ይሰጣሉ፤ ትሪፕና ግሬስ በእነሱ ቢሠሩ ኖሮ ጥያቄዬ ባልባከነ ነበር። ይሆናል። ግን እነዚህን አዳዲሶቹን ሞክሬያቸዋለሁ፤ እጅግ ጨዋ ናቸው፤ ለባልም ለሚስትም «እውነትዎን ነው» የሚሉ ዓይነት። የትሪፕ እያንዳንዱ ንግግር ግን አስቀድሞ በሰው እጅ ተጽፎ በተዋናይ ድምፅ የተቀረፀ ነው። ጻፊው ትሪፕ ምን እንደሚያኮራው፣ የት ላይ እንደሚያመው፣ እንግዳን መታገሥ የሚያቅተው መቼ እንደሆነ ወስኗል። ስለዚህ በሩን ሲያሳየኝ ያስወጣኝ አንድ ሰው ነው፤ ጎደሎ ሰው ቢሆንም። ለእያንዳንዱ እንግዳ የሚመች ትሪፕ ቢሠሩልኝ ምኑን ላስታርቀው?

ለማንኛውም የሦስተኛው ምሽት ተውኔት ታትሞ ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ባልና ሚስቱ ገጽ በገጽ ተናግረዋል። የእንግዳው ድርሻ አሥራ አራት ቃል ነው፤ ሰባቱ «ይቅርታ» ናቸው።