አንድ ለውጥ በሦስት ቁጥር፦ የዳፊ ዘረመል አመዘጋገብ ሲፈተሽ

ከደሴ ደጋ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ የላቦራቶሪ ባለሙያ የቫይቫክስ ወባ ጥገኛን በማይክሮስኮፕ ማየቱ እንግዳ አይሆንበትም። የሚቸገረው ስለ ዳፊ ዘረመል የተጻፉትን ጥናቶች ጎን ለጎን ሲያነብ ነው። አንዱ ጽሑፍ ለውጡን በ−46፣ ሌላው በ−33፣ ሦስተኛው በ−67 ያስቀምጠዋል። ሦስት የተለያዩ ለውጦች ይመስላሉ፤ ነገሩ ግን አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የታወቀው ይህ የቲ ወደ ሲ መለወጥ፣ ጋታ-1 የተባለው ፕሮቲን የሚያርፍበትን ስፍራ ያበላሻል። የተቀያየረው የቆጠራው መነሻ ብቻ ነው፤ −67 የሚለው ፕሮቲን መሠራት ከሚጀምርበት ነጥብ ወደ ኋላ ተቆጥሮ የተገኘ ነው። የዘረመሉ ስምም እንዲሁ ከኤፍዋይ ወደ ዳርክ፣ ከዚያም ወደ ኤሲኬአር1 ተሸጋግሯል። በአሮጌው ስም ብቻ የሚፈልግ አዲሱን መረጃ ሊያጣ ይችላል።

የስሙ መብዛት የሚያስከትለው ጉዳት ግን ቀላሉ ነው። ዋናው ስሕተት በርካታ ጽሑፎች ይህን ዘረመል «አይገለጥም» ብለው ማለፋቸው፣ በየትኛው ሕዋስ እንደሆነ አለመናገራቸው ነው። ለውጡ ዘረመሉን ዝም የሚያሰኘው በቀይ የደም ሕዋስ ዘር ነው፤ በትናንሽ የደም ሥሮች ግድግዳና በንዑስ አንጎል መገለጡን አያቆምም። በ2023 የወጣ ጥናት ደግሞ ዳፊ-ነጌቲቭ በሆኑ ሰዎች መቅኒ ውስጥ፣ ቀይ ሕዋሳት በመፈጠር ላይ ሳሉ ፕሮቲኑ ለአጭር ጊዜ እንደሚታይ አሳይቷል። ከበሰለ ሕዋስ ብቻ በተወሰደ ናሙና ላይ የቆመ ማብራሪያ ይህን ሊያሳይ አይችልም ነበር።

በ1976 የተጀመረው «ዳፊ-ነጌቲቭን ቫይቫክስ አይዘውም» የሚለው አስተሳሰብ ለብዙ ሐኪም ትምህርት ሆኖ ኖሯል። በ2010 ከማዳጋስካር፣ በ2013 ከኢትዮጵያ የወጡ ጥናቶች ግን በዳፊ-ነጌቲቭ ሰዎች ላይ ቫይቫክስ መገኘቱን ዘግበዋል። ታማሚው በደም ዓይነቱ ምክንያት ቫይቫክስ ሊይዘው አይችልም ተብሎ ከታለፈ፣ በጉበት የተደበቀውን ጥገኛ የሚያጠፋው ፕሪማኪን ይቀርበታል፤ ከሳምንታት በኋላም ትኩሳቱ ይመለሳል።

የናሙና አሰባሰባቸውና የፒሲአር ሥራቸው የሚያስመሰግናቸው ጽሑፎች ጥቂት አይደሉም። አርኤስ2814778 የሚለውን ቋሚ መለያ ከአዲሱና ከአሮጌው ስም ጋር አብሮ ማስፈር፣ የተመረመረውንም ሕዋስ መጥቀስ አንድ መስመር እንኳ አይሞላም። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ጤናውን በደሴ፣ ቴክኖሎጂውን በኮምቦልቻ ስለያዘ፣ የመመረቂያ ጽሑፎቹን በዚህ መልክ ለማስተካከል ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም።