ደራሲው በአሳታሚው ወንበር

የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ በተስፋፋ ሰሞን ጎልቶ የተሰማው አዋጅ ደራሲው ከአሳታሚ ጥገኝነት ነጻ ወጣ የሚል ነበር። አዋጁ በከፊል እውነትነት አለው። አማዞን የተባለው የአሜሪካ የንግድ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ኪንድል የተሰኘውን የማንበቢያ መሣሪያ ለገበያ ሲያቀርብ፣ ማንኛውም ደራሲ ድርሰቱን በቀጥታ የሚሸጥበትን መንገድ አብሮ ከፈተ። የማተሚያ ቤት ወረፋ፣ የወረቀት ዋጋና የመጋዘን ኪራይ ቀሩ። ሆኖም የአሳታሚው ወንበር ባዶ መሆኑ የአሳታሚው ሥራ ቀረ ማለት አይደለም። ሥራው ባለበት አለ፤ የተለወጠው ሠሪው ነው። እርማቱ፣ የሽፋን ሥዕሉ፣ የገጽ ቅንብሩ፣ የዋጋ ትመናው፣ ማስታወቂያውና ከአንባቢ ጋር መጻጻፉ ሁሉ በደራሲው ጠረጴዛ ላይ ተከምሯል፤ ያውም ያለ ደመወዝ።

ለዚህ ከአማንዳ ሆኪንግ የተሻለ ምስክር አይገኝም። ይህች የሚኒሶታ ወጣት፣ አሳታሚዎች ሲመልሱባት የኖሩትን ልብ ወለዶች እ.ኤ.አ. በ2010 በራሷ አውጥታ፣ ዓመት ሳይሞላ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ቅጂዎች ሸጠች። እ.ኤ.አ. በ2011 መጋቢት ወር ግን ሴንት ማርቲንስ ፕሬስ ከተባለ ነባር አሳታሚ ጋር ለአራት መጻሕፍት በሁለት ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተዋዋለች። ነጻነቷን ሸጠች ብለው የወቀሷት አልጠፉም። የሰጠችው ምክንያት ግን ሊጤን የሚገባው ነው፦ የሥራ ሳምንቷን ደብዳቤ መመለስ፣ ሽፋን ማሰናዳትና አርታዒ ማፈላለግ እየፈጀባት፣ እርሷ ግን መጻፍ እንደምትሻ ገለጸች። ከፍላ ያሳረመቻቸው መጻሕፍት እንኳ ከግድፈት አልጠሩም፤ ወቀሳውን የምትቀበለውም ራሷ ነበረች።

በዚያው ወር ባሪ አይስለር የተባለ ደራሲ ከዚያው አሳታሚ የቀረበለትን የግማሽ ሚሊዮን ዶላር ውል ትቶ በራሱ እንደሚያሳትም አስታወቀ። እርሷ ስትገባ እርሱ ወጣ። ሁለቱን እንደ ተቃራኒ ምሳሌ ማነጻጸር የተለመደ ሆነ። ይሁንና ብዙ ወራት ሳያልፉ አይስለርም ቀጣይ መጽሐፉን ለአማዞን የኅትመት ክፍል ሰጠ። ስለዚህ ልዩነታቸው በውሉ ዓይነት ላይ እንጂ በሥራ ክፍፍሉ አስፈላጊነት ላይ አልነበረም።

ለተውኔት ጸሐፊ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በቴአትር ቤት ደራሲው ትኬት ይቁረጥ፣ መጋረጃ ይሳብ፣ አልባሳት ይስፋ የሚል የለም። ልብ ወለድ ጸሐፊው ብቻውን ይህን ሁሉ እንዲሆን ሲጠየቅ ግን ነጻነት ይባላል።

የክፍያው ሥርዓት ጫናውን ያብሰዋል። አማዞን እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በዘረጋው ደንብ ዋጋው ከ2.99 እስከ 9.99 ዶላር የሆነ መጽሐፍ ለደራሲው 70 በመቶ ሊያስገኝ ሲችል፣ ከዚያ በታች የሚሸጠው 35 በመቶ ብቻ ያስገኛል። በ99 ሳንቲም የሚሸጥ ሰው አንድ የ2.99 ዶላር ቅጂ የሚያስገኘውን ለማግኘት ስድስት አንባቢ ማፈላለግ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2015 ሐምሌ ወር ደግሞ ወርሃዊ ክፍያ ከፍለው ለሚያነቡ ደንበኞች የሚታሰበው የደራሲ ድርሻ በተነበበው ገጽ ብዛት ሆነ። እጥር ምጥን ያለ ግጥም በዚህ ሒሳብ ድኻ ነው! ተከታታይ ልብ ወለድ በየወሩ የሚያወርድ ግን ይከብራል። እ.ኤ.አ. በ2023 መስከረም ወር፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተመረቱ ጽሑፎች ሲያጥለቀልቁት፣ ድርጅቱ አንድ ሰው በቀን ከሦስት በላይ አዲስ መጽሐፍ እንዳያስገባ ገደበ። በቀን ሦስት መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

እንዲህ ባለ ገበያ ውስጥ ደራሲው ሥራውን ማደላደል የሚችለው ምኑን ለሌላ እንደሚሰጥ በመወሰን ነው። እርማትን ለራሱ ማስቀረት የለበትም፤ የጸሐፊ ዐይን የተጻፈውን ሳይሆን ያሰበውን ያነባልና። ገንዘብ ያነሰው ከሌላ ደራሲ ጋር ረቂቅ ለረቂቅ ይለዋወጥ። ማስታወቂያው መጽሐፉ በሚወጣባቸው ሳምንታት ይወሰን፤ ከዚያ ውጪ ማለዳው የድርሰቱ ነው። ሽያጩን በየሰዓቱ መመልከት ሥራ መስሎ የሚታይ ስንፍና ነው።

ለአገራችን ደራሲ ነገሩ ከሥሩ አዲስ አይደለም። ተበድሮ ማሳተም፣ መጽሐፍ በካርቶን ተሸክሞ በየመደብሩ ማደል፣ ከአዟሪ ጋር መተሳሰብ አብሮት የኖረ ነው። ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት በነበረበት ዘመን ረቂቁን የሚመረምር አርታዒ ነበረው፤ በአርታዒው አጠገብ ሳንሱር ቆሞ እንደነበረም አይዘነጋም። ዛሬ ሳንሱሩም አርታዒውም ከጠረጴዛው ተነሥተው ደራሲው ብቻውን ቀርቷል። በዚያ ላይ ገጽ በገጽ ፎቶ ተነሥቶ በቴሌግራም በነጻ የሚታደለውን መጽሐፉን ማሳደድ ተጨምሮበታል። ይህን ማሳደድ ለአንድ ግለሰብ መተው ከንቱ ድካም ነው፤ አንዱ ቢዘጋ ሌላው ይከፈታል። የደራስያን ማኅበራት በአባሎቻቸው ስም አቤቱታውን ቢይዙት፣ እንዲሁም ድርሻቸውን ከሽያጩ የሚያገኙ የጋራ አርታዒና የሽፋን ሠዓሊ ቢመድቡ፣ ደራሲው ቢያንስ ማለዳውን መልሶ ያገኛል።