በጥላው መሐል ያለችው ነጥብ

አራት ሚሊሜትር የምትሆን ኳስ በረጅም ቱቦ ውስጥ እለቃለሁ። በምትወድቅበት መስመር ላይ ሌዘር አበራለሁ፤ ካሜራዬ የሚያነሣው እሷን ሳይሆን ጥላዋን ነው። በዚያ ክብ ጥላ መሐል አንዲት የብርሃን ነጥብ አለች።

እ.ኤ.አ. በ1818 ፓሪስ ውስጥ የሒሳብ ሊቁ ፑዋሶን የፊዚክስ ሊቁን የፍሬኔልን የሞገድ ሐሳብ ለማፍረስ ያነሣት ነጥብ ናት፤ ብርሃን ሞገድ ከሆነ በክብ ነገር ጥላ መሐል ብርሃን ይታያል ማለት ነው፣ ይህ ደግሞ ሊሆን አይችልም ብሎ ተከራከረ። ሌላው የፊዚክስ ሊቅ አራጎ ሞከረው፤ ነጥቧ ነበረች። በኳሷ ጠርዝ ዙሪያ የሚያልፈው ብርሃን ሁሉ እኩል መንገድ ተጉዞ መሐል ላይ ይገናኛልና። የጥላው ጠርዝ በቀለበቶች ይደበዝዛል፤ ነጥቧ ግን የኳሷን ማዕከል ትነግረኛለች።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 አሜሪካ፣ ሊቨርሞር ባለው ቤተ ሙከራ፣ በኑክሌር ውህደት ሙከራ፣ የነዳጅ ዒላማ ላይ 2.05 ሜጋጁል የሌዘር ጉልበት ገብቶ 3.15 ሜጋጁል ሲወጣ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር። ያቺ ዒላማ ግን ቆማ ነው የጠበቀችው፤ 192ቱ ጨረሮች አስቀድመው ተነጣጥረውባታል። ኤሌክትሪክ ለማመንጨት በሰከንድ አምስት፣ አሥር ጊዜ መተኮስ ስለሚያስፈልግ ዒላማዋ ጨረሮቹ ወደሚገናኙበት ክፍል መወርወር አለባት፤ የእኔ ኳስ የእሷ ምትክ ናት። በሰከንድ 50 ሜትር ብትበር በአንድ ሚሊሰከንድ 5 ሳንቲሜትር ትሄዳለች፤ የሚፈቀድልን ስሕተት ግን 20 ማይክሮሜትር ገደማ፣ ከጠጉር ውፍረት ያነሰ ነው።

ወጣት ባልደረቦቼ ፈጣን ካሜራ ይጠይቁኛል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ የሚያየው ካሜራና የሚያነጣጥረው መስታወት በተለያየ መቆሚያ ላይ ካሉ፣ የአንዱ ብረት በሙቀት ሲለጠጥ ሌላው አያውቅም። ሳን ዲዬጎ ያሉት የጄኔራል አቶሚክስ ባለሙያዎች የሠሩበትን ዘዴ የምወደውም ለዚህ ነው። ዋናው ሌዘር ከመተኮሱ ከ1 እስከ 2 ሚሊሰከንድ ቀደም ብሎ ዒላማዋ ላይ አጭር ብልጭታ ይበራል፤ ከላይዋ የሚንጸባረቀው ብርሃን ዋናው ጨረር በሚሄድበት መንገድ፣ በዚያው መስታወት በኩል ይመለሳል። መስታወቱ ቢያዘነብል ሂያጁም ተመላሹም አብረው ያዘነብላሉ። የሚገመተው የቀረችው አጭር ጉዞ ብቻ ነው።

አንድ ጊዜ ነጥቧ ሦስት ቀን ሙሉ ግራ ቀኝ ዋለለችብኝ። መልቀቂያውን አራት ጊዜ ፈትቼ ገጠምኩ። በመጨረሻ ኳሷን ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ መስታወት ላይ ለጥፌ፣ ሳትንቀሳቀስ አየኋት፤ አሁንም ትዋልላለች። የሚንቀጠቀጠው የካሜራው መቆሚያ ነበር፤ የአየር መሳቢያውን ፓምፕ ያስቀመጥኩት ከሥሩ ነው። ፓምፑን አራቅሁት። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት፣ የመጀመሪያዋን ኳስ ከመልቀቄ በፊት፣ የቆመችውን አያለሁ።