ሥራ አጥ ማን ነው? ስለ አኃዝ አጠቃቀማችን አንድ ትችት

በክርክራችን የአገር ቤቱ የሥራ አጥነት አኃዝ ከካናዳው ጋር ሲነጻጸር፣ ሁለቱ አንድን ነገር እንደማይለኩ ይዘነጋል። በካናዳ ወርኃዊ ጥናት በመለኪያው ሳምንት አንዲት ሰዓት ታክሲ የነዳ ዶክተር ባለሥራ ነው፤ ሥራ አጥ ለመባል ደግሞ በአመዛኙ ባለፉት 4 ሳምንታት ሥራ ፈልጎ መገኘት ያሻል። ስለዚህ ሪጀንት ፓርክ ተቀምጦ ተስፋ በመቁረጥ ፍለጋውን የተወ ወገናችን ከሁለቱም መዝገብ ውጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 እና በ2005 በኢትዮጵያ የተካሄዱት የሠራተኛ ኃይል ጥናቶች ግን ፍለጋን ግዴታ አላደረጉም፤ ይኸው ሰው ለመሥራት ዝግጁ እስከሆነ ድረስ በሥራ አጥነት ይቈጠር ነበር። ይህን ሳይገልጹ መንግሥትን ለመክሰስም ሆነ ለማወደስ ሁለቱን አኃዞች ጎን ለጎን ማቆም ከምሁር አይጠበቅም። የሰፈሩን ሁኔታ የሚያሳየውም የቶሮንቶ ወርኃዊ አኃዝ ሳይሆን በየ5 ዓመቱ የሚደረገው ቈጠራ ነው፤ የ2021ዱ መለኪያ ሳምንት ደግሞ ከግንቦት መባቻ፣ ኦንታሪዮ በወረርሽኙ ምክንያት ነዋሪዋን ከቤት አትውጣ ባለችበት ወቅት ላይ ወድቋል።