ባለሙያዋ ማን ናት?

በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ጤፍ ታጭዶ ወዲያው አይወቃም። ተከምሮ ይሰነብታል፤ ከአውድማ ከተነሳም በኋላ ጎታ ገብቶ ይቆያል። ወደ ወፍጮ ሲሄድ ባልትና የምታውቅ ሴት አንድ እፍኝ ዘግና ታሸዋለች፣ ታያለች፤ ዝናብ መትቶት ያቆጠቆጠ ጤፍ ሊጡን እንደሚያቀጥነው ታውቃለችና።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን አብሲቷ ነው። በእርሾ ከቦካው ሊጥ ላይ የጠለለውን ውሃ ትደፋለች፤ ከሊጡ ጥቂት ቀንሳ በፈላ ውሃ ታበስልና መልሳ ትቀላቅለዋለች። የበሰለው ስታርች ሊጡን ስለሚያያይዘው አየሩ ቶሎ አያመልጥም። ኩፍ ያለውን ሊጥ ከምጣዱ ዳር ጀምራ ወደ መሃል እያዞረች ስታፈሰው የእንጀራው ዓይን ይከፈታል፤ ያኔ አክንባሎውን ትደፋበታለች። አንዲት ደቂቃ ብትዘገይ ዳሩ ይደርቃል።

ይህን ሙያ ይዘን አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ያወጣውን የጤፍ ፓተንት እንየው። እ.ኤ.አ. በ2007 በአውሮፓ ፓተንት ቢሮ የተሰጠ ሲሆን፣ ከዋና ነጥቦቹ አንዱ በሚፈጭበት ጊዜ የመውደቂያ ቁጥሩ ቢያንስ 250 የሆነ ጤፍ ዱቄት ነው። ቁጥሩ በሞቀ የዱቄት ሙቅ ውስጥ ማማሰያ ዘንግ ወርዶ እስኪያልቅ የሚፈጅበት ሰከንድ ነው፤ እህሉ ካቆጠቆጠ ሙቁ ይቀጥንና ዘንጉ ፈጥኖ ይወርዳል። ለስንዴ ሲሠራበት የኖረ መለኪያ ነው። እፍኟ የምትነግራትን ነገር በሰከንድ መቁጠር ጠቃሚ ሥራ ነው፣ ፈጠራ ግን አይመስለኝም።

የፓተንት ሕግ የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው፦ በሙያው መደበኛ እውቀት ላለው ሰው ግልጽ የሆነ ነገር ፓተንት አይሰጠውም። የእኛም የ1987ቱ አዋጅ ቁጥር 123 ይህንኑ ይላል። እኔ ብጠየቅ ያንን ባለሙያ ከማርቆስ እመርጣት ነበር።

የሄግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ኅዳር 2018 የፓተንቱ ባለቤት ኤንሸንት ግሬይን ቤከልስ የተባለውን ኩባንያ በከሰሰበት ጉዳይ ፓተንቱ የፈጠራ ብቃት ይጎድለዋል ብሎ ሻረው። ይሁን እንጂ ውሳኔው የሻረው ፓተንቱ በኔዘርላንድ ያለውን ጽናት ብቻ ነው፤ በሌሎቹ አገሮች የነበረው በየአገሩ ፍርድ ቤት የሚዳኝ ነበር።