ዘንባባና ፉከራ፤ የጀግንነት ሽልማት በቢቸናና በሞጣ ሥነ ቃል

ፉከራና ቀረርቶ በሥነ ቃል ጥናታችን ብዙውን ጊዜ የሚመረመሩት በቤት አመታታቸውና በዜማቸው ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ሐሳብ ግን ፉከራ ራሱን የቻለ የሽልማት ሥርዓት ነው የሚል ነው። ይህንንም ለማሳየት ከጣሊያን ወረራ በኋላ ለአርበኞች ከተሰጠው ሜዳይ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል።

በአርበኝነት ሜዳይ ላይ የሚደረገው እያንዳንዱ ዘንባባ አንድ የትግል ዓመት ያመለክታል። አምስቱን ዓመት በዱር በገደል የጸናው «ባለ አምስት ዘንባባ» ይባላል። እንግዲህ ሜዳዩ ዘመን ይቈጥራል እንጂ ውሎ አይናገርም። ፉከራ በአንጻሩ ውሎ ይናገራል። በቢቸና ወይም በሞጣ ሠርግ ላይ «ዘራፍ» ብሎ የተነሣ ሰው የዋለበትን ቦታና የጣለውን ጠላት ይጠራል። አድማጩ ጎረቤቱና አብሮ አደጉ ስለሆነ ያልሠራውን ሠራሁ ቢል መሳቂያ ይሆናል። ስለዚህ በፉከራ ሸላሚው ምስክሩ ነው።

የሁለቱ ሥርዓቶች ግጭት ጐልቶ የሚታየው በበላይ ዘለቀ ታሪክ ነው። በላይ በትግሉ ዘመን ለተከታዮቹ ማዕረግ ይሰጥ ነበር፤ ለራሱ ግን እናቱ ያወጣችለት ስም ይበቃኛል ማለቱ ይነገራል። ከድል በኋላ መንግሥት ደጃዝማችነትን ሰጠው፤ ቈይቶ ሸፈተ፤ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ተቀጣ። ደጃዝማችነቱ ከሞት አላዳነውም። ሕዝቡ በግጥሙ ይዞት የቀረው ግን «አባ ኮስትር» የሚለውን ስም ነው።

ይሁን እንጂ ፉከራ ሁልጊዜ እውነተኛ፣ ሜዳይ ሁልጊዜ ባዶ ነው ማለት የዋህነት ይሆናል። ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸው ዘምተውና ተማርከው ጣሊያን አገር የታሰሩ ደራሲ ናቸው። በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ፣ ከቢቸና ብዙ በማይርቀው በዲማ ጊዮርጊስ፣ ፊታውራሪ መሸሻን ገበሬ ሊያስገብሩ ዘምተው በገበሬ እጅ ሲማረኩ ያሳዩናል። በገጸ ባሕርዩ አማካይነት ደራሲው የሚነግሩን ነገር ግልጽ ነው፤ ምስክሩ ጭሰኛና አሽከር ብቻ ከሆነ ፉከራም እንደ ተገዛ ኒሻን ይቀላል። የፉከራ ክብር የሚመነጨው ከቃሉ ጉልበት ሳይሆን «ዋሸህ» ለማለት ከሚችል አድማጭ ነው።

ይህ ነጥብ ለሥነ ቃል ሰብሳቢዎች ትርጉም አለው። የአምስቱ ዓመት ትውልድ አልፏል። ግጥሙን ብቻ ጽፈን የተባለበትን ቦታ፣ ባዩንና አድማጩን ከተውን በእጃችን የሚቀረው ባለቤቱ የማይታወቅ ዘንባባ ነው። ስለዚህ ማንኛውም የመስክ መዝገብ «ማን አለው?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ «ማን ሰማው? ምንስ ብሎ መለሰ?» የሚለውንም ሊይዝ ይገባል።