ለዓይን የደለበ በሬ

የከብት ኤግዚቢሽን ለተመልካች ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። ከብቱ በሳሙና ታጥቦ፥ ጠጕሩ በብሩሽ ተበጥሮ፥ ሰኰናው ተወልውሎ ይቀርባል፤ የሚመራውም ሰው ነጭ ካፖርት ለብሶ፥ ገመዱን አጥብቆ ይዞ፥ በክብ ሜዳ ውስጥ ያዞረዋል። ዳኛው መካከል ላይ ቆሞ አረማመዱን ይመለከታል፤ ቀርቦም ጀርባውንና ዳሌውን በእጁ ዳስሶ ለአንዱ የመጀመሪያውን፥ ለሌላው የሁለተኛውን ሪባን ይሰጣል። ሕዝቡም ያጨበጭባል።

ነገሩ ይህ ከሆነ ሰው አይቶ ተደስቶ ወደ ቤቱ ይግባ እንጂ ትችት ምን ያደርግለታል የሚል ይኖር ይሆናል። እኔ ግን የከብት ትርኢት እንደ መጽሐፍና እንደ ቲያትር ሁሉ ሊተች ይገባዋል እላለሁ። መጽሐፍ ያለ ዋጋው ቢመሰገን ጉዳቱ የአንባቢው ጊዜ ነው። ዳኛው ያለ ዋጋው ወደ ሸለመው ኮርማ ግን ጊደሮች ሁሉ ይነዳሉ፤ በጥቂት ዓመትም ውስጥ የዳኛው ፍርድ ሥጋና አጥንት ሆኖ በየበረቱ ይወለዳል።

የዚህ ልማድ ታሪክ ከሁሉ ይልቅ ጐልቶ የሚታየው በእንግሊዝ አገር ነው፤ ስለዚህ ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ። በለንደን የስሚዝፊልድ ማኅበር በ1798 ተቋቋመ። በኋላ ንጉሣዊ የተባለው የእንግሊዝ የእርሻ ማኅበር ደግሞ በ1838 ተመሥርቶ፥ በሚቀጥለው ዓመት በኦክስፎርድ የመጀመሪያውን ትርኢት አደረገ፤ ይህም ትርኢት እስከ 2009 ድረስ ቆይቶ ቀረ። ይሁን እንጂ ከማኅበሮቹ አስቀድሞ የሕዝቡን ዓይን ያስለመደው አንድ በሬ ነው።

የደርሃም በሬ የሚባለው ይህ እንስሳ በ1796 በዳርሊንግተን ከተማ አጠገብ በቻርልስ ኮሊንግ እርሻ ተወለደ። በ1801 ለትርኢት በ140 ፓውንድ ተሸጠ፤ በዚያው ዓመት ጆን ዴይ የሚባል ሰው ከነሠረገላው በ250 ፓውንድ ገዛው። ዴይ በሬውን ለእርሻም ለእርድም አልፈለገውም። በሠረገላው ላይ ጭኖ፥ እንግሊዝንና ስኮትላንድን ስድስት ዓመት ያህል እየዞረ በገንዘብ አሳየው። ሁለት ሺህ ፓውንድ ቢሰጡት እንኳ አልሸጥም አለ። የበሬው ክብደት ከ1,300 ኪሎ በላይ ነበር። በ1807 መጀመሪያ በኦክስፎርድ ሳለ ዳሌው ወለቀ፤ ከሁለት ወር በኋላም ታረደ።

ጆን ቡልትቢ የሚባል ሠዓሊ ይህን በሬ በ1802 ሣለው፤ ሥዕሉም ተቀርጾ በወረቀት ታትሞ በአንድ ዓመት ውስጥ ከሁለት ሺህ ቅጂ በላይ ተሸጠ። ሥዕሉ ዛሬም በመጽሐፍ ይገኛል። በሬው በጎኑ ቆሟል። ሰውነቱ እንደ ሣጥን አራት ማዕዘን ነው፤ ራሱ ትንሽ፥ እግሮቹም ከዚያ ሁሉ ሥጋ በታች ቀጫጭን ናቸው። ይህን የሚያህል አካል በእነዚህ እግሮች እንዴት ወንዝ ይሻገራል፥ እንዴትስ ዳገት ይወጣል ቢባል ከሥዕሉ ውስጥ መልስ አይገኝም፤ በሬው የቆመው እንዲታይ ብቻ ነውና። ሠዓሊው እጀ ብልህ ነው፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን የሣለው እንስሳውን ሳይሆን የባለቤቱን ኩራት ይመስለኛል።

በዚያ ዘመን ስብ መውደድ እንዲያው ሞኝነት ብቻ አልነበረም። ሻማ የሚሠራው ከሞራ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ በጉልበቱ የሚሠራውም ሰው ጮማውን ይፈልገው ነበር። እኛም በበዓል ዋዜማ ሰንጋ ስንገዛ ጀርባውን እንዳስሳለን፤ በጮማ ላይ እንፈርድ ዘንድ የምንችል ሰዎች አይደለንም። ነውሩ የሚጀምረው ከብቱ ከተፈጥሮው ይልቅ የሥዕሉን መልክ እንዲይዝ በተፈለገበት ጊዜ ነው።

ይህንም የመሰከረልን የዚያው ዘመን ሰው፥ በኒውካስል ከተማ በእንጨት ላይ ሥዕል ይቀርጽ የነበረው ቶማስ ቢዊክ ነው። ከሞተ በኋላ በ1862 በታተመው የሕይወት ታሪኩ እንደ ጻፈው፥ የደለቡ ከብቶችን እንዲሥል ተጠርቶ ሄደ፤ ከብቶቹንም እያየ ሣለ። ባለቤቶቹ ግን ሥዕሉ አስቀድሞ ሌሎች የሠሩትን ሥዕል እንዲመስል ፈለጉ፤ እርሱ ምንም ስብ ባላየበት ቦታ ላይ የስብ እብጠት እንዲጨምርላቸው ጠየቁት። ቢዊክ ያየሁትን እንጂ ያላየሁትን አልሥልም አለ። ጉዞውም ያለ ፍሬ ቀረ፤ የተባሉትን የሚሥሉ ሠዓሊዎች ሞልተው ነበርና።

ይኸው ሰው ቀደም ብሎ በ1789 አንድ ሌላ ኮርማ ቀርጾ ነበር። በሰሜን እንግሊዝ ቺሊንግሃም በሚባል ስፍራ፥ በታጠረ ጫካ ውስጥ፥ ማንም ሳያልባቸውና ማንም ሳይመርጣቸው ከብዙ መቶ ዓመት ጀምሮ በራሳቸው የሚራቡ ነጭ የዱር ከብቶች አሉ። ቢዊክ ሊሥላቸው ሄደ፤ መንጋው ግን እየዞረ ፊት ለፊት ስለ ገጠመው ምንም ማድረግ አልቻለም። ከዚያ በኋላ በሌላ ኮርማ ተሸንፎ ከመንጋው የተባረረ አንድ ኮርማ ለብቻው እንዳለ አገኘ፤ ጠረኑ እንዳይደርሰው ነፋሱ ወደ እርሱ በሚነፍስበት በኩል ሆኖ፥ በእጁና በጕልበቱ እየዳኸ ቀርቦ ተመለከተው። ሁለቱን ሥዕሎች ጐን ለጐን አድርጌ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የቢዊክ ኮርማ ትልቅ አይደለም፤ ሪባንም አላገኘም፤ እንዲያውም የተሸነፈ ነው። ነገር ግን እግሩ ይሸከመዋል። በ1947 ክረምት በረዶ በጸናበት ጊዜ ከዚያ መንጋ የቀሩት 13 ብቻ ነበሩ፤ ዛሬ ግን እንደ ገና ተዋልደው ከመቶ በላይ ሆነዋል።

ስለ ሥዕል የተናገርሁት ከከብት እርባታ የራቀ መስሎ የሚታየው ቢኖር ወደ አሜሪካ ይመልከት። ከ1930ዎቹ ጀምሮ በዚያ አገር በትልልቅ ትርኢቶች፥ በቺካጎ ይደረግ በነበረውም ጭምር፥ ዳኞች አጭር፥ ደልዳላና ወደ መሬት የቀረበ የሥጋ ከብት ይወዱ ነበር። የሄርፎርድና የአንገስ ዝርያዎች ኮርማዎችም ከዓመት ወደ ዓመት እያጠሩ ሄዱ። በ1940ዎቹ መጨረሻና በ1950ዎቹ ግን ከተሸለሙት ዘሮች መካከል ሆዳቸው የተነፋ፥ ግንባራቸው ያበጠ፥ ሲተነፍሱ የሚያንኮራፉ ድንክ ጥጆች በብዛት ይወለዱ ጀመር። ነገሩ ሲመረመር ምክንያቱ ተገኘ። ድንኩ ጥጃ የሚወለደው ጉድለቱን ከአባትም ከእናትም ሲወርስ ነው፤ ከአንድ ወገን ብቻ የወረሰው ግን ጤነኛ ሆኖ፥ ጥቂት አጠርና ደልደል ይላል። ዳኛው ውበት ብሎ ሲሸልመው የነበረው ይህንኑ ነው። በሽታውን የሚሸከሙትን አንድ በአንድ ለይቶ ሪባን አሰረላቸው እንጂ ሌላ ምን ይባላል? በአስተማሪነት በኖርሁበት ዘመን እጅ ጽሕፈቱ ብቻ የሚሸለም ተማሪ የማይገባውን ነገር አሳምሮ ሲጽፍ አይቻለሁና ይህ ታሪክ አያስደንቀኝም።

እንግዲህ ወደ ብርቅዬ ዝርያዎች ልምጣ። ፋሽን የሚወደው ዝርያ ሲበዛ የማይወደው ይጠፋል። በብሪታንያ ከ1900 እስከ 1973 ድረስ 26 የአገሩ የእንስሳት ዝርያዎች ፈጽመው ጠፍተዋል። አሳማ ለብዙዎቻችን ምግብ ባይሆንም ለምሳሌ ይሁነን፤ ጠጕሩ እንደ በግ የተጠቀለለ የሊንከንሺር አሳማ ስለ ስቡ ብዛት ሲመሰገን ኖሮ፥ ገበያው ቀይ ሥጋ በፈለገ ጊዜ ተጥሎ በ1972 ዘሩ ጠፋ። የደርሃም በሬ ወገን የነበረው ሾርትሆርን እንኳ፥ በዘመኑ ሌላውን ሁሉ አሸንፎ አገሩን ከሞላ በኋላ፥ የነበረበትን ቦታ ለወተት ላም ለፍሪዢያን ለቀቀ፤ ዛሬ የቀድሞዎቹ የሾርትሆርን ዘሮች ከብርቅዬዎቹ ጋር ተጽፈዋል። ይህን ጥፋት ለመከልከል በ1973 የብርቅዬ ዝርያዎች መጠበቂያ ማኅበር ተቋቋመ፤ የጥበቃውም አንዱ መንገድ እንስሳቱን በእርሻ ትርኢቶች ላይ ማቅረብ ሆነ።

ይህን ሥራ አመሰግናለሁ። ሰው ያላየውን አይወድድም፤ ያልወደደውንም አይገዛም፤ የሚያረባው ሰው ያጣ ዝርያ ደግሞ በማኅበር መዝገብ ብቻ አይኖርም። ልጆች በአጥሩ ላይ ተንጠልጥለው ስሙን የማያውቁትን በግ ሲያዩ ከዚያ መካከል አንዱ ነገ በግ አርቢ ይሆናል። ነገር ግን ብርቅዬውን እንስሳ የሚያቀርቡት ያንኑ ሜዳ፥ ያንኑ ብሩሽ፥ ያንኑም ዓይን ይዘው ነው። ትችቴ በዚህ ላይ ነው።

በስኮትላንድ ሰሜን ከኦርክኒ ደሴቶች በአንዲቱ፥ በኖርዝ ሮናልድሴ፥ ትንንሽ በጎች አሉ። በ1832 የደሴቲቱ ሰዎች እርሻቸውን ለመጠበቅ ደሴቲቱን በድንጋይ ግንብ ዙሪያዋን አጥረው በጎቹን ወደ ባሕሩ ዳር አስወጧቸው። በጎቹም ማዕበሉ የሚያወጣውን የባሕር አረም እየበሉ መኖርን ለመዱ፤ የሚግጡትም በሰዓት ሳይሆን ባሕሩ ሲሸሽ ነው። በባሕር አረም ውስጥ መዳብ ጥቂት ስለ ሆነ ሰውነታቸው ያችኑ ጥቂት አጥብቆ መያዝን ተማረ፤ ከዚህም የተነሣ ለሌላ በግ ጤና የሚሆነው ተራ መኖ ለእነርሱ መርዝ ሊሆን ይችላል። አንዲት እናት በግ 25 ኪሎ ያህል ብትመዝን ነው። እንግዲህ ይህችን በግ አጥበህ በለመለመ መስክ ላይ ብታቆማት ዳኛው ምን ያያል? ቀጭን ጀርባና ትንሽ ዳሌ ያያል። ታላቅነቷ በጕበቷና በአንጀቷ ውስጥ ነው፤ እጁም ዓይኑም እዚያ አይደርስም። ማኅበሩ በ1974 ሊንጋ ሆልም የምትባል ሌላ ደሴት ገዝቶ አንድ መንጋ ወደዚያ ማሻገሩ ለእነዚህ በጎች ከብዙ ሪባን ይሻላቸው ነበር።

ይህ ነገር የእኛንም በረት ይነካል። በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆላዎች ገንዲ የሚባለው በሽታ አለ፤ ዝንብ ከከብት ወደ ከብት የሚያስተላልፈው፥ ደም የሚያደርቅ፥ ከብቱን አክስቶ የሚገድል ነው። በጊቤ ሸለቆ አራት ዓይነት የአገራችን ከብቶች፥ የአቢጋር፥ የሆሮ፥ የጉራጌና የሸኮ፥ በአንድ ስፍራ ሆነው ለዝንቡ ተጋለጡ፤ ደማቸውም በየጊዜው እየተመረመረ፥ የታመመው እየታከመ ተከታተሏቸው። ጥናቱ በ2006 ታትሟል። እኔ ይህን እንደ አንድ ኤግዚቢሽን እቈጥረዋለሁ፤ ብሩሽና ሪባን የሌለበት፥ ዳኛውም ዝንብ የሆነበት። ሸኮ አሸነፈ። ከሌሎቹ ይልቅ በበሽታው የተያዘው ጥቂት ነበር፤ ደሙ የተሻለ ሆኖ ቈየ፤ መድኃኒትም ከሁሉ ያነሰ ፈለገ።

አሁን ይህንኑ ሸኮ ወደ ተለመደው ሜዳ እናምጣው። ቁመቱ አጭር ነው። ሻኛው ትንሽ ነው፤ ጭራሽ የሌለውም አለ፤ አንዳንዱም ቀንድ የለውም። በምሥራቅ አፍሪካ ሻኛ የለሽ የነበሩት የጥንት ከብቶች ቅሬታ እንደ ሆነ ሊቃውንት ይናገራሉ። ከቦረና ኮርማ ጐን ቢቆም፥ ወይም ግቷ መሬት ሊደርስ ከተቃረበ የፈረንጅ ላም አጠገብ ቢታሰር፥ ተመልካች ሁሉ አልፎት ይሄዳል፤ የገበያ ደላላም ሻኛ የሌለውን ምን ላድርገው ይላል። የሸኮ ከብት ቍጥር ያነሰበትም አንዱ ምክንያት ባለሻኛ ከሆኑት ከብቶች ጋር እየተዳቀለ መምጣቱ ነው።

ሌላው ምክንያት ጠባዩ ነው። የሸኮ ኮርማ ቁጡ ስለ ሆነ፥ ሰውና ከብት እንዳይወጋ ብዙ ገበሬ ያኮላሸዋል፤ ላሞቹም ወደ ሌላ ኮርማ ይሄዳሉ። የኤግዚቢሽን የመጀመሪያው ሕግ ደግሞ ኮርማ በገመድ ተይዞ ጸጥ ብሎ መቆሙ ነው፤ በዚህ ሕግ ብንሄድ ጭምቱን እየመረጥን ዝንቡን የሚችለውን ልንጥለው እንችላለን። ስለዚህ የሸኮ ከብት ለሕዝብ ይታይ ከተባለ፥ ከብቱ ወደ ከተማ ከሚመጣ ሰው ወደ ከብቱ አገር ቢሄድ ይሻላል። በሪባን ፈንታ የደሙ ምርመራ የተጻፈበት ወረቀት በበረቱ በር ላይ ይሰቀል፤ ባለላሙም ስንት ጊዜ እንደ ታመመችበት፥ ስንት ጥጃ እንደ ወለደችለት፥ በደረቁም ወራት ምን እንደምትበላ ይናገር። ወጣቶች እየዞሩ ይጠይቁት፤ በደብተራቸውም ይጻፉ። ኮርማውን ግን ቢዊክ እንዳደረገው ከነፋሱ በታች ሆነው፥ ቀስ ብለው ቀርበው ይዩት።